ሁለቱም ልጆቼ አንድ መድረክ ላይ ይቆማሉ፤ እኔ የት ልቁም?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሴቷ ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ናት። ወንድሟ 8 ዓመቱ ሲሆን ሦስተኛ ክፍል ነው። ዘንድሮ ሁለቱም የክፍላቸውን የስፔሊንግ ውድድር (የእንግሊዝኛ ቃል ተነግሯቸው ፊደል በፊደል የሚጠሩበትን) አልፈው ለትምህርት ቤቱ ውድድር ደርሰዋል። አምና እሷ ብቻ ነበረች። አራተኛው ዙር ላይ ስትሳሳት እንባዬ መጣ፤ አየችኝና እሷም አለቀሰች። መኪና ውስጥ «ይህን ቃል እኮ ታውቂው ነበር» ብላት ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ዘንድሮ ታናሽዋ ቢበልጣትስ? እንግሊዝኛዬ ደከም ያለ ነው፤ ሳስጠናቸው አነጋገሬን እያረሙ ይስቃሉ። ብቀር ይሻል ይሆን እያልኩ ነው። እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ዘንድ ናት፤ «እኔም ላያቸው» ትላለች። ምን ይመክሩኛል?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አይቅሩ። እናትዎንም ይዘው ይሂዱ።

ሥራዬ የንባብ መምህርነት ነው። በየዓመቱ ቅዝቃዜው ሲበረታ በትምህርት ቤት የስፔሊንግ ውድድር የዳኞች ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። አንዳንዴ ቃሉን የማነበው እኔ ነኝ፤ አንዳንዴ ልጅ ሲሳሳት የሚመታው ደወል እኔ እጅ ላይ ይሆናል። ደወል የያዘ ሰው ደግሞ ሌላው የማያየውን ያያል። ልጁ ሲሳሳት አዳራሹ በሙሉ ልጁን ይመለከታል፤ ልጁ ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ይፈልጋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአሥር ዓመት ልጅ «ኔሰሰሪ» የሚለው ቃል ደረሰው። ቁጥር የተጻፈበት ካርድ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ኤን፣ ኢ፣ ሲ ብሎ ቆመ፤ በጣቱ መዳፉ ላይ ጻፍ ጻፍ አደረገና ሌላ ሲ ጨመረ፤ ቃሉንም ጨረሰ። ደወሉን መታሁ። ልጁ እኔን አላየኝም። ትክክለኛውን አጻጻፍ ወደሚያነበው ዳኛም አልዞረም። ዓይኑ የሄደው በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ነበር። አባቱ በዚያች ቅጽበት ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር ጃኬቱን ይፈልጋል። ኋላ አባትየውን ሳነጋግረው «ፊቱን ማየት አልቻልኩም» አለኝ። ከፍቅር የመጣ ነገር ነው። ልጁ ግን ያየው የአባቱን ልብ ሳይሆን የአባቱን ጀርባ ነው፤ አባቴ አፈረብኝ ብሎ ነው የተረዳው።

ይህን የምነግርዎት የአምናውን እንዲረዱት ነው። ሕፃን ልጅ ሮጦ ሲወድቅ ከማልቀሱ በፊት ቀና ብሎ እናቱን እንደሚያይ ያውቃሉ። እናቱ ከደነገጠች ያለቅሳል፤ «አይዞህ፣ ተነሣ» ካለች አቧራውን አራግፎ ይሄዳል። የ11 ዓመት ልጅ ትልቅ ብትመስልም ይህ ነገር ገና አለቀቃትም። ደወሉ ሲመታ የደረሰባት ነገር ትልቅ ይሁን ትንሽ የምትለካው በእርስዎ ፊት ነው። አምና እንባዎን ስታይ ነገሩ ትልቅ አደጋ ነው ብላ ደመደመች። እንባው ጥፋት አይደለም፤ እናት ነዎት። ነገር ግን ለዘንድሮ ፊትዎን አስቀድመው ሊያዘጋጁት ይችላሉ፤ ልጆቹ ቃል እንደሚያጠኑ እርስዎም ይህን ያጥኑ።

እንዲህ ያድርጉ። ቀደም ብለው ይድረሱና ከመድረኩ በቀላሉ በሚታይ ቦታ፣ ቢቻል በመተላለፊያው ጠርዝ ይቀመጡ፤ የት እንደተቀመጡም ለሁለቱም ያሳዩ። ከእያንዳንዳቸው ጋር አንድ ምልክት ይስማሙ፤ እጅን ደረት ላይ ማድረግ ይበቃል። ልጁ ቃሉን ሲያገኝም፣ ሲያልፍም፣ ደወል ሲመታበትም ያው አንድ ምልክት ይሁን። ደወሉ እንደተመታ ወደ ስልክዎ፣ ወደ ቦርሳዎ ወይም ወደ መሬት አይመልከቱ። ልጁ ዓይንዎን እስኪያገኝ ይጠብቁትና እጅዎን ደረትዎ ላይ ያድርጉ። እንባ ቢመጣ እንኳ ዓይንዎን አይንቀሉ፤ እያለቀሰ ፈገግ የሚል ፊት ልጅን አያስደነግጥም።

ሌላም የማየው ነገር አለ፤ ወላጆች ሳይታወቃቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ልጁ ፊደል ሲጠራ እነሱም ይጠራሉ። ዳኞች ይህን ያያሉ፤ ልጁንም እርዳታ አገኘ አስብሎ ሊያስጠረጥረው ይችላል። ከዚያም በላይ ልጁ የራሱን ሐሳብ ትቶ የእርስዎን ከንፈር ማንበብ ይጀምራል። ስለዚህ አፍዎ ሥራ እንዲያገኝ ከረሜላ ይዘው ይግቡ።

«ይህን ቃል እኮ ታውቂው ነበር» ስላሉት ነገር አንድ ልበል። እውነት ነው፤ ታውቀው ነበር። ለዚያም ነው የከበዳት። ሳሎን ተቀምጦ ማወቅና በሁለት መቶ ሰው ፊት፣ ማይክሮፎን አፍ ላይ ተደቅኖ ማስታወስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አእምሯችን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ነገር ጥቂት ነው። ፍርሃት ከዚያ ጥቂት ቦታ ላይ ድርሻውን ሲወስድ ልጅቷ የትኛውን ፊደል ጠርታ የትኛው እንደቀራት እንኳ ሊጠፋት ይችላል። እርስዎ ለማጽናናት የተናገሩት እሷ ጆሮ ሲደርስ «ሳትሳሳቺ ትችይ ነበር፤ አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ሆነ።

ከውድድሩ በፊት አንድ ቀን ብቻዋን ይያዟትና ይቅርታ ይጠይቋት። በእኛ ቤት ወላጅ ልጁን ይቅርታ መጠየቅ ብዙም የተለመደ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ያደግሁት እንደዚያ ነው። «አምና መኪና ውስጥ ያልኩሽ ልክ አልነበረም፤ ዘንድሮ አልለውም» ይበሏት። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዘንድሮ መኪና ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ ምግብ ይቅረብ። ስለ ቃሉ የሚነሣው እነሱ ሲያነሡት ነው። አንዳንዱ ልጅ በር ሳይዘጋ ይጀምራል፤ አንዳንዱ ሳምንት ይፈጅበታል።

ወደ ከባዱ ልግባ፤ ታናሽየው ቢበልጣትስ? ይህ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ እንደማይሆን አድርገው አይያዙት። ሁለቱ የሚወዳደሩት ተመሳሳይ ቃል ላይ አይደለም። ለእያንዳንዱ ልጅ ተራው ሲደርስ የሚደርሰው ሌላ ቃል ነው፤ እሷ ፈጽሞ አይታ የማታውቀው ሊደርሳት፣ እሱ ደግሞ ትናንት ያጠናው ሊደርሰው ይችላል። ሌላ ቀን ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ይህን ለልጅቷ ከውድድሩ በፊት ይንገሯት፤ ከውድድሩ በኋላ ሲነገር ማጽናኛ ይመስላል እንጂ እውነት አይመስልም። ከዚያ በቀጥታ ይጠይቋት፦ «እሱ ከቆየና አንቺ ከወረድሽ፣ ያን ጊዜ እኔ ምን ባደርግልሽ ትወጃለሽ?» መልሷ ያስገርምዎታል። አንዲት ልጅ ለእናቷ «ምንም አትበይኝ፣ አጠገብሽ ልቀመጥና ለእሱ አብረን እናጨብጭብ» እንዳለች አስታውሳለሁ። ሌላዋ ግን «ውጪ ልውጣ» ልትል ትችላለች፤ እሱም መብቷ ነው።

ከአንደበትዎ የሚወጣውን አንድ ቃል ግን ይጠብቁ፤ «እንኳን» የምትለዋን። «ታናሽሽ እንኳን አለፈ» ሲባል የእሱም ድል ይቀንሳል፣ የእሷም ቁስል ይሰፋል። አያት፣ አክስት፣ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ሁሉ ስልክ ሲደውል ይህች ቃል ትመጣለች፤ አስቀድመው ያስጠንቅቋቸው። ስጦታ ማዘጋጀት ከፈለጉም ለሁለቱም እኩል ይሁን፤ ማን ስንተኛ እንደሚወጣ ሳይታወቅ ዛሬውኑ ይነገራቸው። ልጅቷንም የወንድሟ አስጠኚ አድርገው አይሹሟት። ፈቅዳ ብትረዳው ደስ ይላል፤ ግዴታ ከሆነባት ግን ባሸነፋት ቀን በገዛ እጇ የተሸነፈች ይመስላታል።

በአሜሪካው አገር አቀፍ የስፔሊንግ ውድድር ታሪክ ወንድማማቾችና እህትማማቾች ብርቅ አይደሉም። ካቭያ ሺቫሻንካር እ.ኤ.አ. በ2009 አሸነፈች፤ ታናሿ ቫንያ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ ከሌላ ልጅ ጋር ዋንጫውን ተጋራች። ስሪራም ሃትዋር በ2014፣ ታናሽ ወንድሙ ጃይራም በ2016 እንዲሁ የጋራ አሸናፊዎች ነበሩ። እነዚህ ቤቶች ውስጥ አንዱ የሌላውን የቃላት ዝርዝር ወርሶ አድጓል። በ2019 ደግሞ ስምንት ልጆች እስከ መጨረሻው ሳይሳሳቱ ቀርተው ስምንቱም አሸናፊ ተባሉ። በሌላ በኩል በ2025 ከ243 ተወዳዳሪዎች ያሸነፈው አንድ ልጅ ነው፤ እሱም ፋይዛን ዛኪ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሁለተኛ ወጥቶ የተመለሰ ልጅ ነበር። 242ቱ እንዳሸነፈው ልጅ ሁሉ የአገሩ ምርጥ ሆነው የመጡ ናቸው። ይህ ውድድር በ1925 በዘጠኝ ልጆች ሲጀመር ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አስቀምጦ አንዱን ማቆም። ልጅ ወደዚያ መድረክ ሲወጣ መውረድን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

አሁን ወደ እንግሊዝኛዎ ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም ላደርገው ነው፤ ምክንያቱም ድክመት ያሉት ነገር ልጆችዎ ከክፍል ጓደኞቻቸው የሚበልጡበት ሀብት ነው።

የእኛ ፊደል እንደተጻፈ ይነበባል፤ አንድ ነገር ግን አያሳይም፤ መጥበቅና መላላትን። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው ከዓረፍተ ነገሩ ነው የምናውቀው። ጆሯችን ግን ይለየዋል፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ጥብቀትን እንሰማለን። እንግሊዝኛ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሁለት ፊደል ደርቦ ይጽፋል፤ ሲናገር ግን አያጠብቀውም። አሜሪካዊ ልጅ «አኮሞዴት» የሚለውን ቃል ሲሰማ ስንት ሲ፣ ስንት ኤም እንዳለው ጆሮው አይነግረውም። እርስዎ ግን ከወረቀት ላይ ሲያነቡት ኮውንም ሞውንም ሳይታወቅዎት ያጠብቁታል። ልጅዎ የሚስቀው በዚያ ነው። የሚስቅበት ድምፅ ግን መልሱ ነው፤ ኤ፣ ሁለት ሲ፣ ኦ፣ ሁለት ኤም፣ ኦ፣ ዲ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኢ። አንድ ጊዜ የእናቱን ጥብቀት ከሰማ ሁለቱን ኤም አይረሳም።

አናባቢዎችም እንዲሁ ናቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ያላጠነከረውን አናባቢ ይውጠዋል፤ «ኤ» ይጻፍ፣ «ኢ» ወይም «ኦ»፣ ሁሉም አንድ ደብዛዛ ድምፅ ይሆናል። በትምህርት ቤት ውድድር ብዙ ልጆች የሚወድቁት በትላልቅ ቃላት ሳይሆን በዚህች ድምፅ ነው። አሜሪካዊው «ካልንደር» ሲል የመጨረሻው አናባቢ ኤ ይሁን ኢ አይታወቅም፤ እርስዎ «ካሌንዳር» ሲሉ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። አሜሪካዊው «ሴፕረት» ይላል፤ እርስዎ «ሴፓራት» ይላሉ፤ ከፒ ቀጥሎ ያለችውን ኤ እርስዎ ነዎት የሚያሳዩት። የእንግሊዝኛ መምህራን ራሳቸው ሆን ብለው ይህን ያደርጋሉ፤ ረቡዕን ሲያስጽፉ «ዌድ-ነስ-ዴይ» እያሉ ቆርሰው ይጠሩታል። እርስዎ ያንን ያለ ሥልጠና ያደርጉታል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። መድረክ ላይ ቃሉን የሚያነበው ሰው እንደ እርስዎ አይጠራውም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ልጁ መጀመሪያ የቃሉን ድምፅ ከሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት ያድምጥ፤ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ የድምፅ ምልክቱን መጫን ነው። ከዚያ ይጻፈው። ከተሳሳተ ያን ጊዜ እርስዎ ቃሉን በራስዎ አነባበብ ያንብቡለት። የፊደል ስሞችን በቃል ከመጥራት ይልቅ ግን በጣትዎ ያሳዩ። ኤ እና ኢ ለእኛ ጆሮ የድምፅ ስም ናቸው፤ እዚህ የፊደል ስም ናቸው፤ በችኮላ ይምታታሉ። እኛ «ዜድ» ብለን የተማርነውንም እዚህ «ዚ» ይሉታል፤ ልጁ በመምህሩ አጠራር ይሂድ።

አነጋገርዎን ሲያርሙም ይተዉአቸው፤ እያረሙ ቃሉን ይደግሙታል። መሳቁ ማሾፍ ከሆነ ግን በእናትነትዎ ይቆጡ፤ እሱ የስፔሊንግ ጉዳይ አይደለም።

የጥናት ሰዓቱ አጭር ይሁን፤ በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ደብተር ይኑራቸው፤ አንዱ የሌላውን ስህተት አይቁጠር። ደብተሩ ላይ የሚገቡት የተሳሳቱአቸው ቃላት ብቻ ናቸው፤ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ሳያዩ ይጽፏቸዋል። ዝርዝሩን ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል እንጂ ከአእምሮ ውስጥ ማውጣትን አያለማምድም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ አንጄላ ዳክዎርዝና ባልደረቦቿ በአገር አቀፉ ውድድር ተሳታፊዎች ላይ ያደረጉት ጥናት ያገኘው ለእርስዎ የሚያሳርፍ ነው፤ ውጤትን ይበልጥ ያመላከተው ልጁ ብቻውን ተቀምጦ ያጠናው ሰዓት ነበር፤ ሌላ ሰው ሲጠይቀው ያሳለፈው ጊዜ ወይም ለደስታ ያነበበው አልነበረም። ስለዚህ አስጠኚ መሆን አልቻልኩም ብለው አይዘኑ። የአገር አቀፉ ውድድር አዘጋጅ ስክሪፕስ የሚያወጣው ባለ 4,000 ቃላት ዝርዝር አለ፤ ለትምህርት ቤት ደረጃ ግን ትምህርት ቤቱ የሰጣቸው አጭሩ ዝርዝር ይቀድማል።

መድረክ ላይ ልጆቹ መጠየቅ እንደሚችሉ ያውቁ ዘንድ ቤት ውስጥ ያለማምዷቸው። ቃሉ እንዲደገም፣ ትርጉሙ እንዲነገር፣ በዓረፍተ ነገር እንዲገባ፣ ከየትኛው ቋንቋ እንደመጣ፣ ሁሉንም መጠየቅ ይቻላል። ይሉኝታ ያደገባቸው የእኛ ልጆች ዳኛ ማስቸገር መስሏቸው ዝም ይላሉ፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ማስቸገር አይደለም፤ ዳኛው የተቀመጠው ለዚያ ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ከሆነ የ«ፍ» ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በፒ እና ኤች ይጻፋል፤ «ክሮኖሎጂ» ላይ እንዳለው ደግሞ የ«ክ» ድምፅ በሲ እና ኤች ሊጻፍ ይችላል። ከፈረንሳይኛ ከሆነ ያው ሲ እና ኤች «ሽ» ይሆናል፤ «ሼፍ» የምንለው እንዲያ ነው የሚጻፈው። አንድ ልጅ ቃሉን ጀምሮ የተሳሳተ ከመሰለው እንደ ገና መጀመር ይችላል፤ የጠራቸውን ፊደላትና ቅደም ተከተላቸውን ግን መለወጥ አይችልም። ይህን ደንብ ባለማወቅ የወደቁ ልጆች ላይ ደወል መትቻለሁ፤ እጄን ይከብደኛል።

የቋንቋ ምንጭን ጥቅም ለማስረዳት እናትዎ ይርዱዎት። «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣች ነው፤ «ሰረቀ» በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ሌባ ነው። ዛሬ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ያቀላቅላቸዋል፤ የሚለያቸው የግዕዙ ሥር ነው። «ድኅነት» እና «ድህነት»ም እንዲሁ፤ አንደኛው መዳን፣ ሁለተኛው ማጣት። ልጆችዎ የእንግሊዝኛን ፊደል ታሪክ የሚረዱት በዚህ ነው፤ ድምፅ ሲጠፋ ፊደል ይቀራል። እናትዎ ቄስ ትምህርት ቤት አልፈው ከሆነ ደግሞ ፊደል መቁጠርን ያሳዩአቸው፤ የኔታ በስንደዶ እያመለከቱ፣ ልጅ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው እየጠራ፣ ኋላ ቃሉን አጋጥሞ የሚያነብበትን። ልጆቹ መድረክ ላይ የሚያደርጉት የዚያ ዘመድ ነው። እግረ መንገዴን፣ «ጤፍ» የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ እንዳለ ይንገሯቸው፤ ብዙ ጊዜም በሁለት ኤፍ ይጻፋል።

ደወሉ በስህተት የተመታ ከመሰለዎት ከወንበርዎ አይጩኹ። ለአቤቱታ የተመደበ ሰው ይኖራል፤ ማን እንደሆነ ሲገቡ ይጠይቁ፤ ወዲያው ሄደው በቀስታ ይንገሩት። ዳኞች ይሳሳታሉ፤ ይመለሳሉም። በ2022 ሃሪኒ ሎጋን በአገር አቀፉ ፍጻሜ ላይ የቃል ፍቺ ተሳስታለች ተብላ ከወረደች በኋላ ዳኞቹ መልሷን እንደ ገና መርምረው መለሷት፤ በዚያው ምሽት አሸነፈች።

እናትዎ እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ ምን ይሠራሉ ብለው አይስጉ። የልጅ ልጆቻቸው ቆመው ሲናገሩ ማየት ይበቃቸዋል፤ ልጆቹም የሚፈልጉት ፊት አንድ የነበረው ሁለት ይሆንላቸዋል። ደወል ምን ማለት እንደሆነ፣ ሲመታ ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳዩ ግን ቤት ውስጥ አብራችሁ ተለማመዱ። እልልታውን ማንም አይከልክላቸው፤ ብቻ ሌላ ልጅ ቃል እየተነበበለት እንዳይሆን እርስዎ ክንዳቸውን ነካ ያድርጓቸው። ሁለቱም ከመድረክ ከወረዱ በኋላ ያቅልጡት።